በእንጉዳይ የተብላላ ጭድ ፋጉሎን ይተካል ወይ?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂው ጎንደር አዘዞ ሦስት ዲቃላ የወተት ላሞች አሏቸው። የጤፍ ጭድና የማሽላ አገዳ በእጃቸው አለ፤ የኑግ ፋጉሎ (ዘይቱ ከተጨመቀ በኋላ የሚቀረው መኖ) ግን ዋጋው አልቀመስ ብሏቸዋል። «እንጉዳይ የተዘራበት ጭድ ፕሮቲኑ ሦስት እጥፍ ይሆናል ሲባል ሰምቼ ሞከርሁ። እንዲጠነክር ብዬ ፉርሽካና ትንሽ ዩሪያ ጨመርሁበት። ግማሹ አረንጓዴ ሻጋታ ሆነ። የት ላይ ተሳሳትሁ? ነጭ ሆኖ የቀረውን ላሞቹ ቢበሉት ምን ይላል? ፋጉሎውንስ መተው እችላለሁ?»

ከመጨረሻው ልጀምር፤ ፋጉሎውን አይተዉ። የፕሮቲን መሠረቱ ናይትሮጅን ነው። ሽንብራና ባቄላ በሥራቸው ላይ ባሉ ባክቴሪያዎች አማካይነት ናይትሮጅን ከአየር ይስባሉ፤ እንጉዳይ ግን ይህን አይችልም። ጭዱ ውስጥ ባለው ናይትሮጅን ይሠራል እንጂ አዲስ አያመጣም። ታዲያ በመቶኛ ሲለካ ፕሮቲኑ ለምን ከፍ ይላል? እንጉዳዩ ለራሱ ኃይል ሲል የጭዱን ስኳርና ቃጫ አቃጥሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ውሃ አድርጎ ያወጣዋል። ጭዱ ይቀንሳል፣ ፕሮቲኑ ባለበት ይቀራል። ወጥ እሳት ላይ ቆይቶ ሲመጥ ጨው እንደሚበረታበት ማለት ነው፤ ጨው የጨመረ ሰው የለም፣ የቀነሰው ውሃው ነው።

በቁጥር እንየው። 100 ኪሎ ደረቅ ጭድ 4 በመቶ ፕሮቲን ቢኖረው በውስጡ ያለው 4 ኪሎ ነው። 15 በመቶው ሲቃጠል 85 ኪሎ ይቀራል፤ ያው 4 ኪሎ አሁን 4.7 በመቶ ሆኖ ይነበባል። 12 በመቶ እንዲሆን ቢፈለግ ጭዱ ወደ 33 ኪሎ መውረድ አለበት። ሁለት ሦስተኛውን መኖ ለእንጉዳይ አብልቶ «ሦስት እጥፍ አተረፍሁ» ማለት ኪሳራን በትርፍ ስም መጥራት ነው። በዚህ ላይ ሁለት ነገር ልብ ይበሉ። አንደኛ፣ የእንጉዳይ ዘር የሚዘጋጀው በስንዴ ወይም በማሽላ ፍሬ ስለሆነ ብዙ ዘር ሲዘራ የእህሉም ፕሮቲን በጭዱ ስም ይቆጠራል። ሁለተኛ፣ ላብራቶሪ ፕሮቲን የሚለካው ናይትሮጅኑን በ6.25 አባዝቶ ነው፤ በእንጉዳዩ ግድግዳ ውስጥ ያለው ካይቲን የሚባለው ጠንካራ ነገር ናይትሮጅን ስላለው እሱም ፕሮቲን ተብሎ ይመዘገባል፤ ላሚቱ ግን እንደ ፋጉሎ ፕሮቲን አትጠቀምበትም። አንድ ኪሎ የኑግ ፋጉሎ ወደ 300 ግራም ፕሮቲን ይይዛል። ያንን ከጭድ ለማግኘት ስድስት ሰባት ኪሎ ያስፈልጋል፤ ያውም ጥራቱ ከፋጉሎው ያነሰ።

እንዲህ ስል እንጉዳይ ለመኖ ምንም አይጠቅምም ማለቴ አይደለም። ጥቅሙ ሌላ ቦታ ነው ያለው፤ እሱም ጭዱ እንዲፈጭ ማድረጉ ላይ ነው። የጭድን ውስጥ እንደ ጭቃ ቤት ግድግዳ ያስቡት። እንጨቱና ማገሩ ሴሉሎስና ሄሚሴሉሎስ ናቸው፤ ላም በትልቁ ጨጓራዋ ባሉ ጥቃቅን ሕዋሳት አማካይነት ወደ ኃይል የምትለውጣቸው እነሱን ነው። ምርጊቱ ሊግኒን ነው። ሊግኒን የሚፈርሰው በኦክስጅን ነው፤ ትልቁ ጨጓራ ውስጥ ደግሞ ኦክስጅን የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ላሚቱ ቀኑን ሙሉ ብታመሰኳም ምርጊቱን አትነካውም። እንደ ኦይስተር ያሉ እንጨት አብስባሽ እንጉዳዮች ግን ላኬዝና ማንጋኒዝ ፐሮክሲዴዝ የሚባሉ ኢንዛይሞችን አውጥተው ያንን ምርጊት ያራግፋሉ። ሥራው ከላሚቱ ሆድ ውጭ፣ አየር ባለበት መሠራት ያለበት ለዚህ ነው። እንደ ገፈራ (አየር ሳያገኝ እንደሚብላላ እርጥብ መኖ) ታፍኖ የሚሠራ ነገር አይደለም፤ አየር ከከለከሉት እንጉዳዩ ይሞታል፣ ጭዱ ይኮመጥጣል።

ችግሩ ኦይስተር እንጉዳይ ምርጊቱን ብቻ ለይቶ አለመብላቱ ነው፤ ማገሩንም አብሮ ይበላል። ስለዚህ ሒሳቡን እንደገና እንሥራ። 100 ኪሎ ጭድ 45 በመቶው የሚፈጭ ከሆነ ላሚቱ የምትጠቀምበት 45 ኪሎ ነው። እንጉዳዩ 15 ኪሎ ካቃጠለ በኋላ ከቀሪው 85 ኪሎ ያንኑ 45 ኪሎ ለማግኘት የመፈጨቱ መጠን ወደ 53 በመቶ መውጣት አለበት። ስምንት ነጥብ ጨምሮ ገና እኩል መውጣት ነው። የእንጉዳይ መኖ ሲነሳ መጠየቅ ያለበት ጥያቄ «በመቶው ስንት ሆነ?» ሳይሆን «ካስገባሁት 100 ኪሎ በጠቅላላው ስንት ኪሎ የሚፈጭ ነገር ተረፈ?» የሚለው ነው። ትርፉ ሌላም መልክ አለው፤ የለሰለሰ ጭድ ላሚቱ አብዝታ ትበላዋለች፣ ቶሎም ያልፍላታል። ይህ በወተት ሊታይ ይችላል፤ በላብራቶሪ ወረቀት ላይ ግን አይወጣም።

ናሙና ወደ ላብራቶሪ ከላኩ ፕሮቲን ብቻ አያስለኩ። ከመዝራትዎ በፊትና በኋላ አመዱንም ያስለኩ። አመድ አይቃጠልም፣ ወደ አየርም አይሄድም። መጀመሪያ 8 በመቶ የነበረ አመድ 10 በመቶ ከሆነ፣ 8 ለ10 ሲካፈል 0.8 ነው፤ ከጭዱ 20 በመቶው ጠፍቷል ማለት ነው። አውድማ ላይ አፈር የተቀላቀለበት ጭድ ግን ይህን ሒሳብ ያበላሸዋል፤ አራግፈው ይላኩ።

አሁን ወደ መጠኑ። አንድ ባለ 200 ሊትር በርሜል ተጠቅጥቆ ወደ 15 ኪሎ ጭድ ይይዛል እንበል። ከእርጥበቱ ውጭ 13.5 ኪሎ ደረቅ ነገር ነው፤ ከአንድ ወር በኋላ 11.5 ኪሎ ገደማ ይቀራል። ይህ 400 ኪሎ የምትመዝን አንዲት ዲቃላ የወተት ላም በአንድ ቀን የምትበላው ያህል ነው። ሦስቱን ላሞች በየቀኑ ሦስት ሦስት ኪሎ ደረቅ ለማብላት በየቀኑ አንድ በርሜል ገደማ መቀቀል ሊኖርብዎ ነው፤ ማገዶው፣ ዘሩ፣ ጉልበቱ ሲታሰብ ወተቱ አይሸፍነውም። ስለዚህ የምመክርዎ እንጉዳዩን ለገበያ እንዲያመርቱ፣ የተረፈውን ጭድ ለላሞቹ እንዲያውሉ ነው። እንጉዳዩ ወጪውን ይከፍላል፤ የለሰለሰው ጭድ ምርቃት ይሆናል። ሲለቀም ከፕሮቲኑ የተወሰነው አብሮ እንደሚወጣ ግን ይወቁ። ከ15 ኪሎ ጭድ 9 ኪሎ ትኩስ እንጉዳይ ቢለቀም ደረቁ 0.9 ኪሎ ያህል ነው፤ ከዚያ 200 ግራም ገደማ ፕሮቲን ነው። ጭዱ በጠቅላላው የነበረው 540 ግራም አካባቢ ነበር። ፋጉሎውን አይተዉ ያልሁበት ሌላው ምክንያት ይህ ነው።

የተበላሸብዎ ለምን እንደሆነ ከነገሩኝ ነገር ይገባኛል። ፉርሽካ ለእንጉዳዩ ምግብ ነው፤ ለአረንጓዴው ሻጋታ ግን የበለጠ ምግብ ነው። ትራይኮደርማ የሚባለው ሻጋታ ስታርችና ስኳር ካገኘ በሦስት በአራት ቀን ይስፋፋል፤ ኦይስተር ጭዱን ለመያዝ ሦስት ሳምንት ይፈልጋል። ባዶ ጭድ ላይ እንጉዳዩ የሚያሸንፈው ሻጋታው የሚቀምሰው ስለሚያጣ ነው። ፉርሽካ የተጨመረበት ጭድ በእንፋሎት መቀቀል ብቻውን አይበቃውም፤ በግፊት ማሽን ፈጽሞ መምከን አለበት። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር ስለሚበልጥ እዚህ ውሃ የሚፈላው 93 ዲግሪ አካባቢ ነው። የግፊት ድስቱ ጌጅ 15 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) ላይ ቢቆምም በውስጡ ያለው ሙቀት መጽሐፉ የሚለው 121 ሳይሆን 117 ገደማ ነው፤ ስለዚህ ጊዜውን ማርዘም ግድ ይላል። ዩሪያው ደግሞ እርጥበት ሲያገኝ ወደ አሞኒያ ይለወጣል፤ አሞኒያ የእንጉዳዩን ነጭ ድር ያፍነዋል። ሁለቱን አንድ ላይ ሲያደርጉ እንጉዳዩን አድክመው ጠላቱን መገቡት ማለት ነው።

ነጭ ሆኖ የቀረው ግማሽስ? አረንጓዴ ነጥብ ከታየበት ከረጢት የወጣ ከሆነ አይስጡ። አረንጓዴው የሚታየው ፍሬ ሲይዝ ነው፤ ክሩ ከዚያ በፊት በነጩ ውስጥ ተሰራጭቷል፤ ነጭ ስለሆነ በዓይን አይለይም። ቢጫ አረንጓዴ የሆነው አስፐርጊለስ የሚባለው ሻጋታ ደግሞ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ሊያመነጭ ይችላል። ላሚቱ ከበላችው ከፊሉ አፍላቶክሲን ኤም1 ሆኖ ወደ ወተቱ ያልፋል፤ ወተቱን ማፍላት አያጠፋውም፤ የሚጠጣው ሕፃን ልጅ ነው። ከረጢቱን እንዳለ ወደ ኮምፖስት ጉድጓድ ይውሰዱት። አንድም ነጥብ ያልታየበት፣ ዳር እስከ ዳር የነጣ፣ የእንጉዳይ ሽታ ያለው ከረጢት ግን ሊሰጥ ይችላል፤ ዩሪያ ስላለበት ግን ለጥጆች አይሁን፣ ለላሞቹም በትንሹ ይሁን።

እንደገና ሲጀምሩ እንዲህ ያድርጉ። የጤፍ ጭድ ደቃቅ ስለሆነ ሲረጥብ ይጠቀጠቅና አየር ያሳጣል፤ መሐሉ የሚኮመጥጠው ለዚህ ነው። የማሽላውን አገዳ ከ3 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ከትፈው ሁለት እጅ ጤፍ ለአንድ እጅ አገዳ ይቀላቅሉ፤ አገዳው ሳንባ ይሆንለታል። ዝናብ የመታውን፣ ክምሩ ሥር የጠቆረውን ይተዉ። የሽንብራና የጓያ ገለባ ካለዎት ለዚህ አያውሉት። የጥራጥሬ ገለባ እንዳለ ለላም ከጤፍ ጭድ የተሻለ ነው፤ እንጉዳይ ላይ መጫን ጥሩውን ማባከን ነው።

15 ኪሎውን ሌሊቱን በንጹሕ ውሃ ነክረው በጠዋት በተዳፋት ያጥልሉት። ጠልሎ ሲመዘን ከ38 እስከ 39 ኪሎ ከሆነ እርጥበቱ 65 በመቶ ገደማ ነው፤ የሚፈለገውም እሱ ነው። ሚዛን ከሌለ አንድ እፍኝ አጥብቀው ይጭመቁ፤ አንድ ሁለት ጠብታ ከወጣ ደግ ነው፣ ከተንዠቀዠቀ ገና ነው። አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው በማድረቅ ሳይሆን በማርጠብ ነው። ከዚያ በርሜሉ ሥር ድንጋይ ደልድለው የሽቦ ወንፊት ያኑሩ፤ 25 ሊትር ውሃ ያፍሱበት፤ ጭዱን በጆንያ አድርገው ከውሃው በላይ ይከምሩት፤ አፉን በሸራ ይሸፍኑ። እንፋሎቱ ከላይ መውጣት ከጀመረ በኋላ ለሦስት ሰዓት ይንተክተክ። የእኛ 93 ዲግሪ እዚህ ላይ አይጎዳም፤ ለባዶ ጭድ መሐሉ ከ70 እስከ 80 ከደረሰ ይበቃል። ውሃው አልቆ በርሜሉ እንዳይነድ ግን ይከታተሉ።

በኖራ ውሃ ዘፍዝፎ ማጽዳትም አለ፤ ማገዶ ይቆጥባል። ጭዱ ለላም የሚውል ከሆነ ግን እንፋሎቱን እመርጣለሁ፤ ኖራው በመኖው ላይ ይቀራል። በፎርማሊንና በካርቤንዳዚም (በፀረ ሻጋታ ኬሚካሎች) የሚያጸዱ አምራቾች በሌላ አገር አሉ። ለመኖ በፍጹም አይሞከርም።

ጭዱ በጆንያው እንዳለ፣ በንጹሕ ቦታ፣ ለእጅ እስኪለዝብ ይብረድ፤ ከ30 ዲግሪ በታች ሳይወርድ ዘር ከነካው ዘሩ ሊጎዳ ይችላል። የሚዘራበት ቤት ከጋጣውም ከጭድ ክምሩም ይራቅ፤ ዝንብና የጭድ አቧራ ሻጋታ ይዘው ይመጣሉ። እጅ በሳሙና ከዚያም በ70 በመቶ አልኮል ይታጠብ። የዘሩ መጠን የእርጥቡ ጭድ 5 በመቶ ይሁን፤ ለ39 ኪሎ 2 ኪሎ ማለት ነው። ዘር ላይ መቆጠብ ለሻጋታው ቀን መስጠት ነው። ዘሩ ሙሉ በሙሉ ነጭ፣ ፍሬው ለየብቻ የሚበተን፣ ያልኮመጠጠ ይሁን፤ አንዲት አረንጓዴ ፍሬ ካዩ መልሱት። የዱር እንጉዳይ ለቅሞ ዘር ማድረግ አይታሰብም፤ መርዛሙ ከሚበላው በዓይን አይለይም። አራት አራት ኪሎ አድርገው በአሥር ንጹሕ የላስቲክ ከረጢት ያሽጉ፤ አንድ ረድፍ ጭድ፣ አንድ ረድፍ ዘር፣ ይበልጡን በዳር በዳሩ። ስምንት አሥር ቀዳዳ ይብሱና በጥጥ ይወትፉ።

ከ22 እስከ 26 ዲግሪ ባለ ጥላ ቤት ከሦስት እስከ አራት ሳምንት ይቆያል። በታኅሣሥና በጥር የጎንደር ሌሊት ስለሚቀዘቅዝ አንድ ሳምንት ሊጨምር ይችላል፤ ከረጢቶቹን ወለሉ ላይ ሳይሆን በመደርደሪያ፣ ቀዝቃዛ ግድግዳ ሳያስነኩ ያኑሩ። በተቃራኒው በሞቃት ወር ተጠጋግተው ከተደረደሩ መሐላቸው ከ30 በላይ ይሞቃል፤ አንድ ጣት ርቀት ይተዉ። በየሁለት ቀኑ ይዩ። አረንጓዴ፣ ጥቁር ወይም ብርቱካናማ ከታየበት ሳይከፍቱ ያውጡት። የኮመጠጠ ሽታና ሥሩ የተጠራቀመ ውሃ ካለ የባክቴሪያ ነው፤ ጭዱ በዝቶ ረጥቧል።

ከነጣ በኋላ ላስቲኩን በአምስት ስድስት ቦታ ሰንጥቀው ብርሃንና ንጹሕ አየር ወዳለበት ያዛውሩ። አየሩ ከ85 እስከ 90 በመቶ እርጥበት ይፈልጋል፤ በበጋ ደረቅ ስለሆነ የረጠበ ጆንያ በግድግዳው ዙሪያ ይስቀሉ፤ በቀን ሦስት አራት ጊዜ በደቃቁ ውሃ ይርጩ። አንገቱ ረዝሞ ቆቡ ካነሰ አየር አጥሮታል። ዝንብ ቢበዛ መስኮቱን በወንፊት መረብ ይዝጉ እንጂ ፀረ ተባይ አይርጩ፤ ያ ጭድ ነገ ላም ፊት ይቀርባል። ቆቡ ጠርዙ ሳይዘረጋ ይልቀሙ። ለመኖ ከሆነ የመጀመሪያውን ለቀማ፣ ቢበዛ ሁለተኛውን ወስደው ያቁሙ። ሦስተኛና አራተኛ ሲጠብቁ እንጉዳዩ ይደክማል፣ ሻጋታ ይገባል፣ ማገሩም አልቆ ለላሚቱ የሚቀረው አመድና ምርጊት ይሆናል።

ከማብላትዎ በፊት ላስቲኩንና ሲባጎውን አንድም ቁራጭ ሳይቀር ያውጡ። ትልቁ ጨጓራ ውስጥ የገባ ላስቲክ አይፈጭም፣ አይወጣም፤ ተጠራቅሞ ላም ይገድላል። እርጥቡን በዕለቱ ይስጡ፤ ካልሆነ በሸራ ላይ ከአምስት ሳንቲ ሜትር ባልበለጠ ውፍረት ዘርግተው እያገላበጡ ለሁለት ለሦስት ቀን ፀሐይ ያስመቱት። ሲታጠፍ ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ደርቋል። ሳይደርቅ የተከመረ ወዲያው ይሻግታል።

ለላሚቱ በመጀመሪያው ቀን ግማሽ ኪሎ ደረቅ ከለመደችው ድርቆሽ ጋር ቀላቅለው ይስጡ፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ ቀስ በቀስ ወደ ሦስት ኪሎ ያድርሱ። ከጭድና ድርቆሹ ሲሶውን አይለፍ። ከስድስት ወር በታች ላለ ጥጃ አይሰጥ፤ ለፈረስና ለአህያም አልመክርም፤ በሻጋታ መርዝ ቶሎ ይጎዳሉ። ለዶሮ ቃጫው አይፈጭላትም። ለአንዲቷ ላም ብቻ ሦስት ሳምንት ሰጥተው፣ ሌሎቹን እንደነበሩ ትተው፣ ፋጉሎውን ሳይለውጡ የእያንዳንዷን ወተት ጠዋትና ማታ ይለኩ። ከገንዳው የተረፈውንም ይመዝኑ።

ዓላማዎ እንጉዳይ ሳይሆን የጭዱን ፕሮቲን በርካሽ ማሻሻል ብቻ ከሆነ ግን ጭዱን በዩሪያ ማከም ይቀላል። ለ100 ኪሎ ጭድ ከ4 እስከ 5 ኪሎ ዩሪያ በ80 ሊትር ውሃ አሟሙተው ረድፍ በረድፍ እየረጩ፣ እየረገጡ፣ አየር እንዳይገባ በላስቲክ አሽገው ሦስት ሳምንት፣ በብርድ ወር አራት ሳምንት ያቆዩት። 4 በመቶ የነበረው ፕሮቲን ከ7 እስከ 9 ይደርሳል፤ ናይትሮጅን ከውጭ ስለገባ ይህኛው እውነተኛ ጭማሪ ነው። የዕለቱን አውጥተው አንድ ሌሊት አናፍሰው ይስጡ፤ ለጥጃ ይኸም አይሰጥም። ዩሪያውን እንስሳ እንዳያገኘው ይቆልፉበት። ሁለቱን ዘዴ ግን አንድ ክምር ላይ አይደራርቡ፤ የተበላሸብዎም በዚሁ ነው።

እንጉዳዩን ከመረጡ ቀኑን በጾሙ ይቁጠሩ። በሁዳዴ ወተት ፈላጊው ይቀንሳል፤ እንጉዳይ ግን የጾም ምግብ ነው። ከዘር እስከ መጀመሪያው ለቀማ አምስት ስድስት ሳምንት ስለሚወስድ ጾሙ ከመግባቱ አራት ሳምንት ቀድመው ከዘሩ ለቀማው በሁለተኛው ሳምንት ይጀምራል። ጭዱም የሚደርሰው በሁዳዴ መጨረሻ ገደማ፣ ግጦሹ ባለቀበት ጊዜ ነው። የጤፍ ጭዱን አውድማው እንደተነሳ ይያዙት፤ ኋላ ለቤት ምርጊት የሚፈልገው ይበዛና ዋጋው ይወጣል። ዘሩን ደግሞ ከሚዘሩበት ቀን ሦስት ሳምንት ቀድመው ይዘዙ።